ዞኮሬ ውስጥ የት ይበላል?

ጥቅሉ እጇ ገባ።

ሦስት ሰዓት ከሩብ። የገበያ ቀን። የሀጂያ ሜሙና ዋቼ ቤት። ቤት ማለት ይከብዳል፤ አንድ ድስት፣ አንድ አግዳሚና አንድ ዛፍ ነው። ሩዝና ባቄላው አብሮ ተቀቅሎ በቅጠል ይጠቀለላል። የሰው ሁሉ ጥቅል በአንድ ቅጠል ነው። የእሷ በሁለት።

«እንቺ፣ የመጽሐፏ ሴትዮ» አለቻት ሀጂያ፣ ዓይኗን ከድስቱ ሳትነቅል። «ባለራዲዮው ነው ማልዶ ያስያዘልሽ። ስሜን ስትጽፊ ደግሞ በትልቁ ጻፊው፤ ዓይኔ ደክሟል።»

ከሩዙ ሥር አንዲት ብጣሽ ወረቀት አለች። ብጣሿ ላይ ሰዓትና ቦታ ተጽፏል። ያቺ ብጣሽ ከጠፋች አራት ሰው ይሞታል።

ሴትዮዋ እዚህ ከተማ ፕሪስካ ትባላለች። ለመንገደኞች መጽሐፍ እያዘጋጀች ነው፦ ዞኮሬ ውስጥ የት ይበላል፣ የት ይጠጣል። መሥሪያ ቤቷ ግን የሚያውቃት ጭልፋ በሚል ስም ነው። መጽሐፍ የሚባል ነገር የለም። ደብተሩ አለ፣ እስክሪብቶው አለ፣ መጽሐፉ የለም።

ዞር አለች። አንድ እርምጃ። ሁለት።

እጅ መጣ።

ከኋላ፣ በብብቷ ሥር፣ እንደ እባብ። ጥቅሉ ሄደ።

አልጮኸችም። ሥልጠናው «ሲነጥቁሽ አትጩሂ፣ ፊቱን ያዢ» ይላል። ፊቱን ያዘች። ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ ሦስት ጥርስ የቀራቸው ሽማግሌ ብስክሌት ላይ ተቀምጠው ቅጠሏን እየፈቱ ይስቃሉ።

«ዳጋባ!» አሉ ገበያው ሁሉ እንዲሰማ። «ዳጋባ ደግሞ ዋቼ ትበላለች እንዴ? እናንተ አገር ሩዝ የሚያውቀው አይጥ ብቻ አይደል?»

ገበያው በሳቅ ፈረሰ።

ምን ታድርግ? ዳጋባና ፍራፍራ የሚባሉት ሁለቱ ነገዶች የቀልድ ዘመዶች ናቸው። ፍራፍራ ከዳጋባ ሳህን ያነሣል፣ ዳጋባም ከፍራፍራ። ይሰዳደባሉ፣ ይነጣጠቃሉ፣ ቀብር ላይ ሳይቀር። መቆጣት ብቻ የለም። የተቆጣ ሰው ነውረኛ ነው፤ ሽማግሌ ይፈርድበታል፣ አያቶቹ በመቃብራቸው ያፍሩበታል። ዞኮሬ ደግሞ ከዳር እስከ ዳር ፍራፍራ ነው።

ጭልፋ ደግሞ ዳጋባ ናት። የምሯን።

«ውሸትሽ ላይ አንዲት እውነት ጣል አድርጊበት» ብሏት ነበር አለቃዋ፣ ጉልቻ የሚሉት። ጣል ያደረገቻት እውነት ዘሯ ሆነች። ይኸው ሦስት ቀኗ፤ አንድ ሙሉ ሳህን አልጨረሰችም። ሰላይን በጥይት የሚመቱበት አገር አለ። እዚህ በረሃብ ነው የሚጨርሷት።

«አባባ፣ ቅጠሉን እንኳ ስጡኝ!»

«ቅጠል የሚበላው ፍየል ነው!»

ብስክሌቱ ተነሣ። ጭልፋም ተከተለች። አልሮጠችም፣ ሰላይ ገበያ መሀል አይሮጥም። ግን በጣም ፈጥና ተራመደች፤ ከመሮጥ የሚለየው በስሙ ብቻ ነው። በሽንኩርት መደብ አለፈች። በደረቅ ዓሣ መደብ አለፈች። «የመጽሐፏ ሴትዮ! የኔን የባቄላ ጥብስ ሳትቀምሺ?» አለች አንዷ። «የሷን እንዳትጽፊ፣ ዘይቷ ያረጀ ነው!» አለች ሌላዋ። ሁለቱ ተያያዙ። ጥሩ ሽፋን ማለት ማንም ዞር ብሎ የማያይሽ ነው። እሷን ከተማው ሁሉ ስሟን እየጠራ ያሳድዳታል።

ሽማግሌው ከመስጊዱ ግንብ ሥር ቆሙ። አፋቸው ሙሉ ነው። ማኘክ አቆሙ።

ጭልፋ እርምጃዋን ገታች።

ሁለት ጣት ወደ አፋቸው ከተቱ። ወረቀቷን ጎትተው አወጧት፤ በባቄላ ተለውሳለች።

«ሀጂያ ወረቀት መቀቀል ጀመረች እንዴ?» አሉ። ከዚያ ዘረጉላት። «እንቺ፣ ብዪው። ለዳጋባ ይበቃል። አዱንጎ አጎረሰኝ በዪ።»

«እግዜር ይስጥልኝ፣ አባባ አዱንጎ» አለች ጭልፋ፣ ጥርሷን ነክሳ እየሳቀች። ጥርስ ነክሶ መሳቅ ሥልጠናው ላይ አልነበረም። እዚህ ነው የተማረችው።

ብጣሿ እንዲህ ትላለች፦ ስድስት ሰዓት፣ «የጌታ ጊዜ ይሻላል»።

ከኮላ ፍሬ ሻጮቹ ጀርባ ሄዳ ስልኳን አወጣች።

«ጉልቻ።»

«ጭልፋ። መልእክቱ ደረሰሽ?»

«ደረሰኝ። ታኝኮ።»

«ምን?»

«ተወው። ቀጥል።»

«ወረቀቱ ከተማ ውስጥ ነው። ዛሬ ፀሐይ ሳትጠልቅ አዙሬ እጅ ይገባል።»

አዙሬን ከተማው በጅግራ ነጋዴነቱ ያውቀዋል። መሥሪያ ቤቱ በጠመንጃው ያውቀዋል፤ በጅግራ ቅርጫት ሥር ድንበር የሚያሻግረው እሱ ነው። አራት የዞኮሬ ሰዎች ይህን አይተው ተናገሩ። ስማቸው በእጅ ጽሑፍ አንዲት ወረቀት ላይ ሰፈረ። ወረቀቷ ከመዝገብ ቤት ተሰረቀች። አዙሬ ካነበባት አራቱም እሑድን አያዩም።

«ቅጂ አለው?»

«የለውም። ማምጣት ካልቻልሽ አጥፊው። ሙቀጫ ይረዳሻል፣ ሁለት ዓመት እዚያው ተቀምጧል። የአገርሽ ልጅ ነው፣ ዳጋባ።»

«አራቱ እነማን ናቸው?»

«የማታውቂውን አትናገሪም።»

«ጉልቻ፣ አንድ ነገር…»

«ምን?»

«እርቦኛል።»

ስልኩ ተዘጋ።

«የጌታ ጊዜ ይሻላል» የእትዬ ቤያታ ምግብ ቤት ነው። ስሙ በሰማያዊ ቀለም በሩ ላይ ተጽፏል። ትክክለኛ ስም ነው፤ በሰው ጊዜ እዚያ ምንም አይደርስም።

«ምን አለ፣ እትዬ ቤያታ?»

«ሁሉም አለ።»

«ፉፉ?»

«ገና አልተወቀጠም።»

«የኦቾሎኒ ሾርባ?»

«እሱ አልቋል።»

«ሩዝ?»

«ሩዝ አለ። ወጥ የለውም።»

«ወጡስ መቼ ይደርሳል?»

«ወጡ ሲደርስ ሩዙ ያልቃል።»

«ታዲያ ምን አለ?»

«ሁሉም አለ አልኩሽ እኮ!» አለች እትዬ ቤያታ፣ ወገቧን ይዛ። «አሁን አይደለም እንጂ። ይሄንንም እንደዚሁ ትጽፊዋለሽ?»

ስድስት ሰዓት ሆነ። ሙቀጫ የለም። ስድስት ተኩል። የለም። ከበረሃ የመጣው አቧራ ጉሮሮዋ ላይ ተለጥፏል። ሁለት ጊዜ ቦታ ቀየረች፣ በሩንም ጓሮውንም የሚያሳይ ጥግ ያዘች። ሁለቱን መውጫ ለየች። ሦስተኛው መውጫ የዶሮ ቆጥ ነው፤ እሱንም ለየች። ሰባት ሰዓት ላይ የማሽላ ገንፎ በቅጠል ወጥ መጣላት። ትኩስ። አንድ ሙሉ ሳህን። ዓይኗ እንባ አቀረረ።

እጇን ታጠበች። ዝቅ አለች።

«ውይ፣ የኔ ዳጋባ! ለኔ ነው እንዴ ያስቀረብሽው?»

ከጎረቤት ሱቅ የመጣች ልብስ ሰፊ ናት፣ የመለኪያ ሜትሩ አንገቷ ላይ እንደተንጠለጠለ። ሳህኑን ይዛ ሄደች። በሩ ላይ ዞር ብላ «ወጡ ላይ ዓሣ ይጨመርበት ብለሽ ጻፊ!» አለች።

ቤቱ ሳቀ። ጭልፋም ሳቀች። ምን አማራጭ አላት።

ሙቀጫ፣ ከተማው ባለራዲዮው የሚለው፣ የገባው ያኔ ነው። አጭር፣ ንጹሕ ሸሚዝ፣ ሸሚዝ ኪሱ ላይ የራዲዮ መፍቻ። ከፊቷ ሳይሆን ከጎኗ ካለው ጠረጴዛ ጀርባውን ሰጥቷት ተቀመጠ። ገንፎ አዘዘ። ወዲያው መጣለት።

«አሥር ሰዓት» አለ ለገንፎው። «መናኸሪያው። ነጩ የጭነት መኪና።»

«ማን ያመጣዋል?»

«ቀይ ኮፍያ ያደረገ ሰው። አንቺ ከመኪናው ኋላ ትቆሚያለሽ። ብቻሽን።»

«አንተስ?»

«እኔ ከሩቅ አይሻለሁ።»

ገንፎውን ቀስ ብሎ፣ በየጉርሻው እያረፈ በላ። ልብስ ሰፊዋ ባዶውን ሳህን ልትመልስ መጣች። በሙቀጫ ጎን አለፈች። ሳህኑን አየችው። ቀጥ ብላ ሄደች።

ጭልፋን አንድ ነገር ነካት። ከረሃቡ የተለየ።

«ያንተን ለምን አይነኩም?»

«ለምደውኝ ነዋ» አለ ሙቀጫ። ጣቱን ላሰ። ወጣ።

ዘጠኝ ሰዓት። ፀሐዩ አናት ይበሳል። መናኸሪያው ከከተማው ማዶ ነው፣ መንገዱ ደግሞ ጥላ የለውም። ጭልፋ ደብተሯን እንደ ባርኔጣ አናቷ ላይ ደፍታ ትሄዳለች። ደብተሩ ላይ «የት ይጠጣል» በሚለው ሥር ሦስት ቤት ጽፋ ሦስቱንም ሰርዛለች። ሰኞ የጠጡበት ቤት ማክሰኞ ጋኑ ደርቋል፣ ማክሰኞ የጠጡበት ረቡዕ ተዘግቷል። ዞኮሬ ውስጥ የመጠጥ ቤት አድራሻ የለውም። ሴቶቹ በተራ ነው ፒቶ፣ የማሽላውን ጠላ፣ የሚጠምቁት፤ ማሽላው የደረሰላት ቅሏን በሯ ላይ ትሰቅላለች፣ ከተማውም ወደዚያ ይጎርፋል። ይሄን ለማወቅ ሦስት ቀን ፈጀባት። ትልቅ ሰላይ!

ቅል አየች። ከአንድ የጭቃ አጥር በር ላይ፣ በገመድ፣ ይወዛወዛል።

አንድ ሰዓት አላት። ጉሮሮዋ ለእሷ ወሰነላት።

«ግቢ፣ ግቢ! የመጽሐፏ ሴትዮ ናት!» አሉ እማማ ላሚሲ። ትልቅ ሴት ናቸው። ክንዳቸው የሰው ጭን ያክላል። ከአራት ጋን መሀል ቆመው ከቁመታቸው የሚረዝም ማማሰያ ያዞራሉ። ቅሉን ቀዱ፣ እንደ ደንቡ መጀመሪያ ራሳቸው ተጎነጩ፣ ከዚያ ሰጧት። «ጠጪ። መርዝ ቢሆን እኔ ቀድሜ እሞትልሽ ነበር። ስሜን ከሁሉም በላይ ጻፊው፣ ገባሽ? ከሀጂያም በላይ። ከዚያች ከቤያታማ በብዙ።»

ጠጣች። ለብ ያለ፣ ጎምዛዛ፣ ጭስ ጭስ የሚል። በሦስት ቀን ማንም ያልነጠቃት የመጀመሪያ ነገር።

«ቀስ በዪ፣ እኔም ፍራፍራ ነኝ፤ እቀማሻለሁ» አሉ እማማ ላሚሲ። «ደግሞ ዳጋባ የሚባል ነገር ናፍቆኛል። ደህና የሚሰደብ ሰው ጠፍቷል።»

«ባለራዲዮውስ? እሱም ዳጋባ ነው እኮ።»

ማማሰያው ቆመ።

«ማ፣ ያ?» ምራቃቸውን በጎን ተፉ። «ልጄ፣ አምና በአዝመራው በዓል ከሳህኑ አንዲት ሥጋ አነሣሁበት። እጄን በጥፊ መታኝ። ቀጥሎ ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ 'ሌባ' ብሎ ከሰሰኝ። በአንዲት ሥጋ! ፖሊሱ ሳይቀር አፈረ። ከዚያ ወዲያ ማንም አይነካውም። እሱ ዳጋባ ከሆነ ፍየሌ ጳጳስ ናት።»

ጭልፋ ቅሉን ዝቅ አደረገች።

አንድ ሰላይ ቋንቋ ይማራል። የክርስትና ስሙን፣ የትውልድ መንደሩን፣ የአጎቶቹን ስም ይሸመድዳል። ሙቀጫ ይሄን ሁሉ ሸምድዷል፤ ጉልቻም አምኖታል። አንዲት ሥጋ ሲነጥቁት መሳቅ እንዳለበት ግን የነገረው የለም። ዳጋባ ቤት ያደገ ልጅ ይሄን አይማርም። አብሮት ይወለዳል።

ሙቀጫ የእነሱ ሰው አይደለም።

ወረቀቷን የሰረቃት እሱ ነው።

መናኸሪያው ወጥመድ ነው።

«ምነው፣ ፒቶው ጎመዘዘሽ?»

«የለም፣ እማማ። ባለራዲዮውን ዛሬ አይተውታል?»

«ጠዋት ብቅ ብሎ ነበር። አፍሮ ይመስለኛል፣ ጅግራ አምጥቶ 'ጥበሺልኝ' አለኝ። ለአዙሬ ስጦታ ነው፤ አሥር ሰዓት ራሴ አቀርብለታለሁ ብሏል። አዙሬ እንደሆነ የትም አይሄድ፣ ዛሬ ፒቶ ያለው እዚህ ብቻ ነው።» በአገጫቸው ወደ ምድጃው አመለከቱ። «እዪው፣ እንዴት አድርጌ እንደጠበስኩለት። እጄ ለጠላትም አይሰንፍም።»

እሷ ከመናኸሪያው ስትጠብቅ እሱ እዚህ ሊያቀርብ ነው። ሰው በሞላበት። በጠራራ ፀሐይ። በጅግራ ሥር።

ስልኳን አወጣች። ባትሪው ሁለት በመቶ።

«ጉልቻ። ሙቀጫ ተሰብሯል።»

«ማስረጃ?»

«ሥጋ ሲነጥቁት ይቆጣል።»

ወንበሩ ሲንቋቋ ተሰማት። 

«ጭልፋ፣ ይሄ ማስረጃ ነው?»

«አንተ ዳጋባ አይደለህም፣ አይገባህም። ሰው ላክልኝ።»

«በሁለት ሰዓት ውስጥ…»

ስልኩ ሞተ። የጉልቻ ነገር ሁልጊዜ እንዲሁ ነው። እሳቱ ሲነድ እሱ ድንጋይ ነው።

ከኋለኛው ጋን ጥግ ገብታ ተቀመጠች። ደብተሯን ጉልበቷ ላይ ዘረጋች። ጠበቀች።

አሥር ሰዓት ሲሆን ግቢው ጢም ብሏል። አርባ ሰው ይሆናል። ሽማግሌዎቹ በዛፉ ሥር ናቸው፣ አባባ አዱንጎ ከነብስክሌታቸው መሀል ላይ። አዙሬ ገባ። ባለ መስመሩ ሰፊ ካባው፣ ነጭ ቆቡ፣ ለስላሳ ሳቁ። ሁሉንም በየስማቸው ሰላም አለ። ከሽማግሌዎቹ ጎን ቦታ ለቀቁለት። አዙሬ አገር አክባሪ ነው ይባላል። ሽማግሌ ሲናገር ቆቡን የሚያወልቅ ሰው ነው። ጭልፋ በእሱ የቀራት ተስፋ ይሄ ብቻ ነው።

ሙቀጫ ከኋላው ገባ። ወደ ምድጃው ሄደ። ጅግራውን ከሰፊ ቅጠል ላይ አስቀመጠ። ጀርባውን ለሰው ሰጠ፤ ክርኑ አንድ ጊዜ ተንቀሳቀሰ።

አንድ ጊዜ። በቃ።

ጥቅሉን አዙሬ ጭን ላይ አኖረው።

«ከአክባሪዎ» አለ።

አዙሬ ቅጠሉን መፍታት ጀመረ።

ልትተኩስ አትችልም፤ መሣሪያ የላትም። ልትጮህ አትችልም፤ የሚያምናት የለም። ወረቀቷን ገልጦ አንድ ዓይን ካሳረፈባት አራት ሰው አለቀ። ጭልፋ ሦስት ቀን ሙሉ የነጠቋትን ሁሉ አሰበች። ዋቼውን፣ ገንፎውን፣ የተጠበሰውን ሙዝ፣ ያቺን ትላንት ግማሽ የቀመሰቻትን እንቁላል።

ተነሣች።

«ይሄ ፍራፍራ!» ብላ ጮኸች። «ጅግራ ማን ሰጠህ? የውሻ ጭንቅላት አለቀ እንዴ እናንተ ሰፈር?»

ጥቅሉ እጇ ገባ።

ግቢው በሳቅ ፈነዳ። ሰው ጉልበቱን እየመታ ሳቀ። አንዱ ከአግዳሚ ወደቀ። «ዳጋባዋ ተነሣች!» «ሦስት ቀን አስርበናት!» «አይዞሽ፣ ብዪው!»

የአዙሬ እጅ ካባው ውስጥ ገባ።

አየችው። ምን እንደያዘም አወቀች።

«አዙሬ» አሉ አባባ አዱንጎ። እየሳቁ ነው፣ ዓይናቸው ግን አይስቅም። «ዳጋባ ናት። ሳቅ እንጂ፣ ልጄ።»

አርባ ሰው አዙሬን አየው። እጁ ካባው ውስጥ ቆየ። ላቡ ከቆቡ ሥር ወረደ። እጁ ባዶውን ወጣ።

አዙሬ ሳቀ። እንደዚያ ያለ ሳቅ አይታ አታውቅም። ከሆዱ በመንጠቆ ያወጡት ይመስላል።

ጭልፋ ቅጠሉን ገለጠች። ከጅግራው ክንፍ ሥር፣ በአራት የታጠፈች ቀጭን ወረቀት። ታፋውን ገነጠለች፣ ወረቀቷን በላዩ ጠቅልላ አነሣች። ቅባቱ ቀለሙን አሳይቶታል። ማንበብ አልፈለገችም። የላይኛው ስም ግን ዓይኗ ላይ ወደቀ።

ላሚሲ።

ከሁሉም በላይ።

አፏ ውስጥ ከተተችው። አኘከች። ጅግራው ቅመም ያለው፣ በሸክላ የተጠበሰ፣ የሚጣፍጥ መሆን ነበረበት። ምንም አልቀመሰችም። ወረቀት፣ ቀለም፣ የሰው ስም። አኘከች። ሁለተኛው ስም ሄደ። ሦስተኛው። ጉሮሮዋ ላይ ተሰነቀረ። አልወርድ አለ።

ሙቀጫ ገባው።

«አስተፏት!» ብሎ ዘለለ።

ሳቁ ተቆረጠ። ዳጋባ ነኝ ያለ ሰው በፍራፍራ ሥጋ ምክንያት ዳጋባ ላይ ተነሣ። እንዲህ ያለ ነገር በዞኮሬ ታይቶ አይታወቅም። የራዲዮ መፍቻው ጎን ስለት አለ። ወደ አንገቷ መጣ።

አልደረሰም።

አንድ ትልቅ እጅ መሀል ላይ ያዘው። ስለቱን። በባዶ መዳፍ።

«በኔ ቤት?» አሉ እማማ ላሚሲ። «በጠመቅሁበት ቀን?»

አልለቀቁም። ደማቸው በክርናቸው ወርዶ ከፒቶው አረፋ ጋር ተቀላቀለ። ሙቀጫ ጎተተ። እሳቸው አልለቀቁም። ያኔ አርባው ሰው ተነሣበት። ልብስ ሰፊዋ በመለኪያ ሜትሯ እጁን የኋሊት አሰረችው፤ ስታስር እንኳ «ደረቱ ሠላሳ ስምንት» አለች።

ጭልፋ ዋጠች።

ወረደ።

አዙሬ ቆቡን አስተካክሎ ለሽማግሌዎቹ እጅ ነሥቶ ወጣ። ማንም አላስቆመው። በምን ያስቁሙት? ሥጋውን የተነጠቀ፣ ደግሞም የሳቀ ሰው ነው። በበሩ ሲያልፍ ጭልፋን አንድ ጊዜ አያት። ያን ዓይን ይዛው ትኖራለች።

የጉልቻ ሰዎች በሁለት ሰዓት ውስጥ ሳይሆን ከሦስት ሰዓት በኋላ መጡ። ሙቀጫን ጫኑት። አዙሬንስ? ብላ ጠየቀች። «እሱ የሌላ ክፍል ጉዳይ ነው» አሏት። ስለ አዙሬ የተሰጣት መልስ ይሄው ብቻ ነው።

የጤና ጣቢያው ሐኪም የእማማ ላሚሲን መዳፍ ሰፍቶ ጨርሷል። አራቱ ጣቶች አይታጠፉም። ጅማቱ ተቆርጧል፣ አይመለስም ብሏል። ማማሰያው በጓሮው ግድግዳ ተደግፏል። ሁለት እጅ ነው የሚፈልገው።

ጭልፋ ከጎናቸው ቁጢጥ አለች። ሥልጠናው «ምንም አትበዪ» ይላል። ሥልጠናውን የጻፈው ሰው ፒቶ ጠጥቶ አያውቅም።

«ምን ነበር የዋጥሽው?» አሉ እማማ ላሚሲ ቀስ ብለው።

«ጅግራ።»

«ጅግራውን የጠበስኩት እኔ ነኝ። ወረቀት አልነበረውም።»

ጭልፋ ዓይኗን ወደ ማማሰያው መለሰች።

አሮጊቷ ፊቷን ለረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ በደህናው እጃቸው ሆዷን፣ ልክ እንደ ጋን፣ ሁለቴ መታ መታ አደረጉት።

«በሆድሽ ይሁን» አሉ።

«ይሁን፣ እማማ።»

«መጽሐፉ ላይ ደግሞ እንዳትጽፊኝ። ስሜ እስካሁን የተጻፈው ይበቃል።»

ምሽት ላይ የጉልቻ መኪና መንገድ ዳር ቆመ። ደብተሩን እንድታቃጥለው ታዘዘች፤ ሽፋን ሲያልቅ ይቃጠላል፣ ሕጉ ነው። ሀጂያ ሜሙና በትልቁ ተጽፋለች። እትዬ ቤያታ፦ ሁሉም አለ፣ አሁን አይደለም። በሦስት ቀን የጻፈችው ሁሉ እውነት ነበር፤ በአምስት ደቂቃ አመድ ሆነ።

ስምንት ወር አለፈ። ሌላ ከተማ፣ የባሕር ዳርቻ። አሁን ኤፉዋ ትባላለች፣ ጨርቅ ትነግዳለች፣ የባሕር ሰዎች ልጅ ናት። በዚህኛው ሽፋን ላይ እውነት የሚባል ነገር ጣል አላደረገችም።

መናኸሪያ አጠገብ ምሳ ተቀመጠች። ሩዝ፣ ዓሣ፣ ሙሉ ሳህን። ከአግዳሚው ጫፍ አንድ የአውቶቡስ ረዳት ተቀምጧል። ጉንጩ ላይ የሰሜን ሰው ጠባሳ አለ። ሳህኗን ያያል፣ እሷን ያያል። አፉ ዳር ላይ ሳቅ አለ።

«እህቴ፣ ፊትሽ የኛን ዘመዶች ይመስላል። ዳጋባ አይደለሽም?»

እጁ አግዳሚው ላይ ነው። ዝግጁ። ሁለት ስንዝር ብቻ ይርቃል።

«አይደለሁም» አለች።

«ውይ፣ ይቅርታ።» እጁን ሰበሰበ። «እኔ የዞኮሬ ልጅ ነኝ። ታውቂዋለሽ?»

«አላውቀውም። ምግብ ቤት አለው?»

«ኧረ ምን አለው! ድሮ ላሚሲ የሚሏት ሴት ነበረች፣ ፒቶዋ…» ብሎ ጀመረ። የአውቶቡሱ ጥሩምባ ተነፋ። ሮጦ ሄደ።

ብቻዋን ቀረች። ሳህኗን አየችው። ወደ አግዳሚው መሀል፣ ማንም እጁን ቢዘረጋ የሚደርስበት ቦታ፣ ገፋ አደረገችው። ጠበቀች።

ሰው ሁሉ ያልፋል።

ማንም አልነካባትም። እስከ መጨረሻዋ ፍሬ ድረስ ብቻዋን በላችው።